የዱር ካሜራው ቀረጻ የት ገባ?

የዱር ካሜራ ግንድ ላይ ታስሮ፣ ሰው ሳይነካው፣ ከፊቱ የሚያልፈውን እንስሳ በፎቶ ወይም በቪዲዮ የሚያስቀር ዕቃ ነው። ባለሙያዎች ካሜራ ትራፕ ይሉታል። ምን ያህል ቁም ነገር እንደሚሠራ ለመረዳት የአልጣሽን ነገር ማንሳት ይበቃል። ከሱዳን ጋር በሚዋሰነው በዚህ የሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ ብሔራዊ ፓርክ አንበሳ መኖሩ በ2016 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ላይ ለዓለም ሲነገር፣ ማስረጃው በካሜራ ትራፕ የተነሡ ፎቶዎችና የአንበሳ ዱካ ነበሩ።

ዛሬ ካሜራው የተመራማሪዎች ብቻ አይደለም። ለመመረቂያ ጽሑፋቸው የዱር እንስሳት የሚያጠኑ ተማሪዎች ይዘውት ይወጣሉ። አሜሪካ የሚኖሩ ወገኖቻችን ማታ ማታ ጓሯቸው የሚገባውን አጋዘን ለማየት ይገዙታል። ሁሉንም የሚያገኛቸው አንድ ችግር አለ፤ ካሜራው ሳምንታት ቆይቶ ሚሞሪ ካርዱ ሲከፈት የተጠበቀው ቀረጻ የለም። ብዙ ሰው ደንግጦ የማይመለስ ስሕተት የሚሠራው ያን ጊዜ ነው፤ ካርዱን ፎርማት ያደርገዋል፣ ወይም መልሶ ካሜራው ውስጥ ይከተዋል።

ጠፋ የተባለ ቀረጻ ከሦስት አንዱ ነው። ወይ ካርዱ ላይ አለ፣ ግን አልታየም፤ ወይ ከመነሻውም አልተቀረጸም፤ ወይ ተቀርጾ በኋላ ጠፍቷል። የሦስቱ መፍትሔ ለየቅል ነው። ስለዚህ ዋናው ሥራ የትኛው እንደሆነ መለየት ነው፤ እስኪለይ ድረስ ደግሞ ካርዱ ላይ ምንም አለመጻፍ።

በቅድሚያ ካርዱን ማሳረፍ

ካርዱ ከካሜራው የሚወጣው ካሜራው ከጠፋ በኋላ ብቻ ነው። ከወጣ በኋላ ጎኑን ተመልከቱ። በትልቁ ካርድ ግራ ጎን ላይ ወደ ላይና ወደ ታች የምትንሸራተት ትንሽ ቁልፍ አለች። ወደ ታች ስትወርድ ካርዱ ይቆለፋል፤ ኮምፒውተሩ ያነባል እንጂ አይጽፍበትም። ትንሿ ማይክሮ ካርድ ይህ ቁልፍ የላትም፤ የምትገባበት አዳፕተር ግን አለው። ፍተሻ ከመጀመራችሁ በፊት ቆልፉት።

ስልክ ወይም ኮምፒውተር “ካርዱ ፎርማት መደረግ አለበት” የሚል መልእክት ቢያመጣ እሺ አትበሉ። “ካርዱ ችግር አለበት፣ ይጠገን” ቢልም ለጊዜው ተዉት፤ ጥገናውም ካርዱ ላይ ይጽፋልና። በካርዱ ላይ የሚታየውን ሁሉ ወደ ኮምፒውተር ቅዱ፤ የሚታዩትን ፋይሎች መመርመሩንም በቅጂው ላይ አድርጉ።

የዚህ ሁሉ ጥንቃቄ ምክንያት የካርዱ አሠራር ነው። ካርድ እንደ መጽሐፍ ማውጫ አለው። ማውጫው የትኛው ፋይል የት ቦታ እንደተቀመጠ ይመዘግባል። ፋይል ሲሰረዝ ወይም ካርዱ ፈጣን ፎርማት ሲደረግ በአብዛኛው የሚጠፋው ማውጫው ነው፤ ገጾቹ ሌላ ነገር እስኪጻፍባቸው ድረስ እዚያው አሉ። ካርዱን መልሶ ካሜራው ውስጥ የከተተ ሰው አዲሱን ቀረጻ በአሮጌው ላይ ያስጽፋል። ከዚያ በኋላ የትኛውም ባለሙያ የተጻፈበትን ቦታ መልሶ ሊያመጣ አይችልም።

አለ፣ ግን አይታይም

ሦስቱን ለመለየት ቀላሉ መንገድ የካርዱን የተያዘ ቦታ ማየት ነው። ካርዱን ኮምፒውተር ላይ ሰክታችሁ ከመጠኑ፣ ለምሳሌ ከ32 ጊጋ፣ ምን ያህሉ እንደተያዘ ተመልከቱ። 20 ጊጋ ተይዞ አንድም ፎቶ ካልታየ ቀረጻው አለ፤ የሚቀረው መፈለግ ነው። የተያዘው ቦታ ባዶ ለመባል የቀረበ ከሆነ ግን ወይ አልተቀረጸም፣ ወይ ተሰርዟል።

ቀረጻው አለ ከተባለ በመጀመሪያ ፎልደሮቹን አንድ በአንድ ክፈቱ። የካሜራ ፎቶዎች ዲሲም በሚባል ፎልደር ውስጥ ይቀመጣሉ። በውስጡ ደግሞ ስማቸው በ100፣ በ101፣ በ102 የሚጀምር ሌሎች ፎልደሮች አሉ። የፋይሉ ቁጥር ጣሪያው ላይ ሲደርስ ካሜራው አዲስ ፎልደር ይከፍታል። ብዙ ሰው የመጀመሪያውን ብቻ ከፍቶ “ከዚህ ቀን በኋላ የለም” ይላል፤ ቀሪው ግን ቀጥሎ ባለው ፎልደር ውስጥ ተቀምጧል።

ሁለተኛው ቀኑ ነው። ባትሪ ድንጋዩ ሲወጣ ወይም ሲያልቅ ብዙ ካሜራዎች ሰዓታቸው ወደ ፋብሪካው ቀን ይመለሳል። ያን ጊዜ የትናንት ቀረጻ ከብዙ ዓመት በፊት የነበረ ቀን ይለጠፍበታል። የስልክ ጋለሪ ደግሞ ፎቶን የሚደረድረው በቀን ስለሆነ፣ አዲሱ ፎቶ ከላይ ሳይሆን ከታች፣ ከአሮጌዎቹ ጋር ይሰለፋል። እኛ ዘንድ የሚጨመር ሌላ ምክንያትም አለ። ካሜራው የሚያውቀው የፈረንጆቹን አቆጣጠር ብቻ ነው። በግንቦት 2017 ዓ.ም. ካሜራ ያሰረ ሰው ዓመቱን 2017 ብሎ ቢሞላ፣ ለካሜራው ያ ዓመት ከስምንት ዓመት በፊት የነበረው ነው። ስለዚህ ፋይሎቹን በቀን ሳይሆን በስም ወይም በመጠን አስደርድራችሁ ፈልጉ።

ሦስተኛው ቫይረስ ነው። ካርዱ ፎቶ ቤት፣ ማተሚያ ቤት ወይም ኢንተርኔት ካፌ ባለ ኮምፒውተር ላይ ተሰክቶ ከሆነ፣ ፎልደሮቹን ደብቆ በቦታቸው ሾርትከት የሚያስቀምጥ ቫይረስ ገብቶበት ሊሆን ይችላል። ቦታው ተይዞ ፎልደሩ ካልታየ፣ ወይም ፎልደሩ ላይ የቀስት ምልክት ካለ ይህን ጠርጥሩ። ሾርትከቱን አትጫኑት። በዊንዶውስ የተደበቁ ፋይሎችን የሚያሳየውን ምርጫ አብሩ፤ እውነተኛው ፎልደር ደብዘዝ ብሎ ይወጣል። ቫይረሱ ደብቆት እንጂ አላጠፋውም።

አራተኛው ፋይሉ ኖሮ አለመከፈቱ ነው። ካሜራው የቀረጸበትን የቪዲዮ ዓይነት ስልኩ ላያውቀው ይችላል። ብዙ ዓይነት ቪዲዮ በሚያጫውተው ቪኤልሲ በተባለው ነጻ ፕሮግራም ሞክሩት። ካርዱ ጭራሽ ካልተነበበ ደግሞ በካርዱ ከመፍረድ በፊት ሌላ ካርድ ሪደር፣ ሌላ አዳፕተር፣ ሌላ ኮምፒውተር ሞክሩ። የካርዱን ወርቅማ ንክኪዎች በደረቅ ንጹሕ ጨርቅ መጥረግም ይጠቅማል፤ አቧራና እርጥበት የካሜራው የዘወትር ጎረቤቶች ናቸውና። በተጨማሪም አንዳንድ ካሜራዎች አነስተኛ የውስጥ ማስቀመጫ አላቸው። ካርዱ በደንብ ሳይገባ ከቀረ ቀረጻው እዚያ ሊሆን ስለሚችል ካሜራውን በራሱ ገመድ ከኮምፒውተር ጋር አገናኝታችሁ እዩ።

ከመነሻውም አልተቀረጸም

ካርዱ በእርግጥ ባዶ ከሆነ፣ ወይም የተወሰኑ ሰዓቶች ብቻ ከጎደሉ፣ ጥያቄው ካሜራው ለምን አልቀረጸም የሚለው ነው።

ቅድም ለጥንቃቄ ያወረድናት ቁልፍ እዚህ ላይ ጥፋተኛ ልትሆን ትችላለች። ካርዱ ተቆልፎ ካሜራው ውስጥ ከገባ ካሜራው መጻፍ አይችልም። ስትከቱትም ሳታስቡት ልትንሸራተት ትችላለች። የካሜራው ማብሪያም ይታይ። ብዙዎቹ ካሜራዎች ሦስት ደረጃ አላቸው፦ መዝጊያ፣ መሞከሪያና መቅረጫ። መሞከሪያው ላይ የተተወ ካሜራ የበራ ይመስላል፤ ነገር ግን ብዙዎቹ በዚያ ደረጃ አይጠብቁም፣ ከጥቂት ደቂቃ በኋላም ራሳቸውን ያጠፋሉ።

የካርዱ መጠንም ራሱን የቻለ ምክንያት ነው። ከ2 ጊጋ በላይ እስከ 32 ጊጋ ያሉት ካርዶች ኤስዲኤችሲ ይባላሉ፤ ከ32 ጊጋ በላይ ያሉት ደግሞ ኤስዲኤክስሲ። ሁለቱ መረጃ የሚያደራጁበት ሥርዓት ይለያያል፤ የመጀመሪያው ፋት32፣ ሁለተኛው ኤክስፋት ነው። እስከ 32 ጊጋ ብቻ እንዲቀበል የተሠራ ካሜራ ውስጥ 128 ጊጋ ካርድ ቢገባ ላይቀበለው፣ ወይም ተቀብሎ መሐል ላይ ሊቆም ይችላል። የካሜራው መመሪያ ከሚፈቅደው በላይ ካርድ አትግዙ። ፍጥነቱም ይታይ፤ ክላስ 10 የሚል ምልክት ያለው ካርድ በሰከንድ ቢያንስ 10 ሜጋ መጻፍ ይችላል፤ ለአብዛኞቹ የዱር ካሜራ ቪዲዮዎች ይህ ይበቃል።

የሰዓት ገደብ የሚባለው ሴቲንግ ደግሞ በተለይ እኛን ያሳስታል። ካሜራው በተወሰኑ ሰዓቶች ብቻ እንዲሠራ የሚያደርግ ምርጫ አለ። ጅብ ለማየት የፈለገ ሰው ከምሽቱ 1 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት እንዲቀርጽለት ፈልጎ 1:00 እና 12:00 ብሎ ሞላ እንበል። የካሜራው የራሱ ሰዓት በፈረንጆቹ አቆጣጠር ከተሞላ፣ ካሜራው ሥራ የሚጀምረው በእኛ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ሲሆን የሚያቆመው እኩለ ቀን ላይ ነው። ከምሽቱ 1 ሰዓት እስከ ሌሊቱ 7 ሰዓት ያለው፣ ጅብ የሚወጣበት ጊዜ፣ ሙሉ በሙሉ ይቀራል። ካሜራው አልተበላሸም፤ የታዘዘውን ፈጽሟል። ስሌቱ ቀላል ነው። ከጠዋቱ 1 እስከ ምሽቱ 12 ባለው የእኛ ሰዓት ላይ 6 ደምሩ። ከምሽቱ 1 እስከ ንጋቱ 12 ባለው ላይ 18 ደምሩና 24 ከሞላ 24 ቀንሱ። ከምሽቱ 1 ሰዓት 19:00 ይሆናል፤ የንጋቱ 12 ሰዓት 6:00 ይሆናል።

የጎደለው ሌሊት ሌሊቱ ብቻ ከሆነና የሰዓት ገደብ ካልተሞላ ባትሪውን ጠርጥሩ። ካሜራው በጨለማ ሲያነሣ በዓይን የማይታይ ወይም እምብዛም የማይታይ ኢንፍራሬድ መብራት ያበራል፤ ይህም ከቀኑ ይልቅ ብዙ ኃይል ይወስዳል። የደከመ ባትሪ ድንጋይ ለቀን ፎቶ በቅቶ ለሌሊቱ አቅም ያጣል። ካሜራው መብራቱን ሲያበራ ይጠፋል፤ ወይም ጥቁር ምስል ብቻ ያስቀምጣል። አሮጌና አዲስ ድንጋይ አትቀላቅሉ። ቻርጅ የሚደረጉት ድንጋዮች በአብዛኛው 1.2 ቮልት ሲሆኑ ተራዎቹ ሲገዙ 1.5 ቮልት ናቸው፤ ካሜራው ቻርጅ የሚደረገውን የሚቀበል መሆኑን ከመመሪያው አረጋግጡ። እንደ ባሌና ሰሜን ተራሮች ባለ ብርዳማ ደጋ ላይ ሊቲየም ድንጋይ የተሻለ ይቆያል።

የጎደለው እኩለ ቀን ላይ ከሆነና ቦታው ቆላ ከሆነ ምክንያቱ ሙቀት ሊሆን ይችላል። ካሜራው እንስሳውን የሚያውቀው በዓይን ሳይሆን በሙቀት ሴንሰር ነው። ሴንሰሩ የሚነቃው ሙቀቱ ከአካባቢው የተለየ ነገር ፊቱ ሲንቀሳቀስ ነው። እንደ አዋሽና አፋር ባለ ቦታ መሬቱና ቁጥቋጦው ከእንስሳው ገላ ጋር እኩል ሲግል ሴንሰሩ ልዩነቱን አያገኘውም፤ እንስሳው አልፎ ይሄዳል። ቀጥታ ወደ ካሜራው የሚመጣ እንስሳም ከጎን ወደ ጎን ከሚያልፈው ያነሰ ያነቃዋል። ስለዚህ ካሜራው ከእንስሳቱ መንገድ ጎን፣ ትንሽ ሰያፍ ሆኖ ይታሰር። በመስኮት መስታወት በኩል ደግሞ ሴንሰሩ ሙቀት አይለይም፤ ቤት ውስጥ ሆኖ ወደ ጓሮ የዞረ ካሜራ ባይቀርጽ አይደንቅም።

የዚህ ተቃራኒም አለ። ፀሐይ ያሞቀው ሣር ወይም ቅርንጫፍ በነፋስ ሲወዛወዝ ካሜራው እንስሳ መስሎት ደጋግሞ ያነሣል። ካርዱ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ባዶ ፎቶ ሞልቶት ያልቅና፣ አንበሳው ሲመጣ ቦታ አይኖርም። ካርዱ ሙሉ ሆኖ የመጨረሻው ቀረጻ ቀን ከጠበቃችሁት በጣም ቀድሞ ካገኛችሁት ምክንያቱ ይህ ነው። ከፊት ያለውን ሣር አጽዱ፤ ካሜራውንም ጠዋትና ማታ ፀሐይ ፊት ለፊት ወደማታገኘው አቅጣጫ አዙሩት።

ተቀርጾ የጠፋ

ሦስተኛው አሳዛኙ ነው፤ ያም ሆኖ ሁልጊዜ ተስፋ የሚያስቆርጥ አይደለም።

በቅድሚያ ካሜራው በአሮጌው ላይ እንዲቀርጽ ታዝዞ እንደሆነ ሴቲንጉን እዩ። ይህ ምርጫ ሲበራ ካርዱ በሞላ ቁጥር የቆየው ቀረጻ ለአዲሱ ቦታ ይለቃል። የመጨረሻዎቹ ቀናት ኖረው የመጀመሪያዎቹ ከጠፉ ምክንያቱ ይህ ሊሆን ይችላል፤ አዲስ የተጻፈበት ደግሞ አይመለስም።

መጠኑ ዜሮ የሆነ ወይም የማይከፈት ቪዲዮ ካገኛችሁ መቅረጹ መሐል ላይ ተቋርጦ ሊሆን ይችላል። ብዙ ዓይነት ቪዲዮ ማውጫው የሚጻፈው ቀረጻው ሲያልቅ ነው። ባትሪው መሐል ላይ ካለቀ ወይም ካሜራው እየቀረጸ ካርዱ ከተነቀለ ምስሉ ተጽፎ ማውጫው ሳይጻፍ ይቀራል። የተበላሸ ቪዲዮ የሚጠግኑ ፕሮግራሞች አሉ፤ አንዳንዶቹ እዚያው ካሜራ የተቀረጸ ጤነኛ ቪዲዮ ለናሙና ይጠይቃሉ። ስለዚህ ጤነኞቹንም አትሰርዙ።

ሐሰተኛ ካርድ ከሁሉ ይከፋል። በጣም ርካሽ ከሆኑት አንዳንዶቹ ላያቸው ላይ 128 ጊጋ ተብሎ ይጻፋል፤ ውስጣቸው ግን ከዚያ እጅግ ያነሰ ነው። ለካሜራውም 128 ነኝ ብለው ይመልሳሉ። እውነተኛው ቦታ ሲሞላ ካሜራው መጻፉን ይቀጥላል፤ የሚጻፈው ግን የትም አይቀመጥም፣ ወይም የቀደመውን ያጠፋል። ምልክቱ የፋይሉ ስም ኖሮ ከተወሰነ ቁጥር በኋላ አንዱም አለመከፈቱ ነው። ይህን ቀድሞ ማወቅ ይቻላል። ኤች2ቴስትደብልዩ ለዊንዶውስ፣ ኤፍ3 ለማክና ለሊኑክስ የተሠሩ ነጻ መሞከሪያዎች ናቸው። ካርዱን እስከ አፉ ሞልተው መልሰው በማንበብ እውነተኛ መጠኑን ይናገራሉ። አዲስ የተገዛ ካርድ ሁሉ ጫካ ከመግባቱ በፊት በዚህ ይፈተን።

ቀረጻው ተሰርዞ ወይም ካርዱ ፎርማት ተደርጎ ከሆነ ፎቶሬክ የሚባል ነጻ ፕሮግራም አለ። ማውጫውን አይጠብቅም፤ ካርዱን ከዳር እስከ ዳር እያነበበ የፎቶና የቪዲዮ መነሻ ምልክቶችን ይፈልጋል። ያገኘውን ከካርዱ ሌላ ቦታ፣ ኮምፒውተሩ ወይም ሌላ ዲስክ ላይ አስቀምጡ፤ መልሳችሁ ካርዱ ላይ ካስቀመጣችሁት ገና ያልተገኘውን ትደመስሳላችሁ። የተመለሱት ፋይሎች የቀድሞ ስማቸው አይኖርም። ሆኖም ካሜራው ከምስሉ ግርጌ የሚያትመው ቀንና ሰዓት ከምስሉ ጋር ይመለሳልና በእሱ መለየት ይቻላል። ከረጃጅም ቪዲዮ ይልቅ ፎቶ በቀላሉ ይመለሳል፤ ቪዲዮ ካርዱ ላይ ተበጣጥሶ ተቀምጦ ከነበረ መገጣጠሙ ያስቸግራል። ካርዱ በየትኛውም ኮምፒውተር የማይታወቅ ከሆነና ቀረጻው ውድ ከሆነ ደግሞ ሳትነካኩት መረጃ መልሶ ማግኘት ላይ ለሚሠራ ባለሙያ ስጡት።

ዳግም እንዳይደርስ

• ካርዱን ከኮምፒውተር ወይም ከስልክ ይልቅ በዚያው በሚሠራበት ካሜራ ሜኑ ፎርማት አድርጉ። ቀድሞ ግን የተቀዳው ቅጂ መከፈቱን አረጋግጡ።

• ለእያንዳንዱ ካሜራ ሁለት ካርድ ይኑር። አንዱ ሲወጣ ሌላው ይገባል፤ የወጣው በጥድፊያ ጫካ ውስጥ አይፈተሽም።

• ፎቶውን ወደ ኮምፒውተር ስታዛውሩ ቁረጥ የሚለውን ሳይሆን ቅዳ የሚለውን ተጠቀሙ። መሐል ላይ መብራት ቢጠፋ ዋናው ካርዱ ላይ ይቆያል።

• ካሜራውን አስራችሁ ስትጨርሱ የቦታውን ስም፣ የካሜራውን ቁጥር፣ ቀኑንና ትክክለኛውን ሰዓት በወረቀት ጽፋችሁ ፊቱ ያዙና እንዲያነሣችሁ አድርጉ። ያቺ የመጀመሪያ ፎቶ ካሜራው መሥራቱን ታረጋግጣለች፤ ሰዓቱ የተሳሳተ ሆኖ ቢገኝም የቀሩትን ለማረም መነሻ ትሆናለች።

• ከመሄዳችሁ በፊት ከካሜራው ፊት ከጎን ወደ ጎን ተመላለሱና የፎቶ ቁጥሩ መጨመሩን እስክሪኑ ላይ እዩ። ከዚያ ማብሪያው መቅረጫው ላይ መሆኑን አረጋግጡ።

ካርድ በገንዘብ ይተካል፤ ከካሜራው ፊት ያለፈ እንስሳ ግን ተመልሶ እንዲያልፍ አይታዘዝም። ስለዚህ ቀረጻ ጠፋ ብላችሁ ስትደነግጡ መጀመሪያ ካርዱን ቆልፉ፣ ቀጥሎ የተያዘውን ቦታ እዩ፣ ከዚያ ከሦስቱ የትኛው እንደሆነ ለዩ። ምክንያቱ ሳይታወቅና ቅጂ ሳይያዝ ማንም ሰው ካርዱን ፎርማት እንዲያደርግላችሁ አትፍቀዱ።